ሰፈሩ ሲረጋጋ ኪራዩ ተነሣ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 7ኛው ጎዳናና ፍሎሪዳ አቬኑ በሚገናኙበት ማዕዘን ከ1995 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደጃፉ ላይ በተሰቀለ ስፒከር ጎጎ ሲያሰማ የኖረ የሞባይል ስልክ መሸጫ አለ። ጎጎ የዲሲ ጥቁር አሜሪካውያን የፈጠሩት፣ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ከበሮው ሳያርፍ ወደሚቀጥለው የሚሻገር ሙዚቃ ነው። በኤፕሪል 2019 አጠገቡ በተሠራ ውድ አፓርታማ የሚኖር ሰው ድምፁ በዛብኝ ብሎ አመለከተ፤ የስልክ ኩባንያውም ባለሱቁን ሙዚቃውን እንዲያጠፋ አዘዘው። ወሬው ሲዛመት አስፋልቱ በሰው ተጥለቀለቀ፣ ባንዶች መንገድ ላይ ወጥተው ተጫወቱ፣ በቀናት ውስጥም ሙዚቃው ተመለሰ። በዓመቱ ከተማው ጎጎን በሕግ የዲሲ ሙዚቃ ብሎ ሰየመው።

ጋዜጦች ነገሩን የዘርና የባህል ግጭት አድርገው ጻፉት፤ ሐሰት አልነበረም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሙዚቃው የተጀመረበት ዘመን ነው። በ1995 በዚያች ከተማ ከ350 በላይ ሰው ተገድሏል። ሱቁ ያለበት ሾው የተባለው ሰፈር በር መስኮታቸው በጣውላ የታሸገ ቤቶች የበዙበት ነበር። ያን ጊዜ ደጃፉ ላይ ሙዚቃ የሚያሰማ ሱቅ ማለት መብራት ያለበት፣ ሰው የቆመበት፣ ሴት ልጅ ከአውቶቡስ ወርዳ ሳትሮጥ የምታልፍበት ማዕዘን ማለት ነው። ሰፈሩን ሰው እንዲያልፍበት ያደረገው ያው ድምፅ ሰፈሩ ሲረጋጋ የጸጥታ ጠንቅ ተባለ።

በከተሞች መለወጥ ላይ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ሁለት ጎራ ይዞ ይቆማል። አንዱ ወገን ሀብታም ሲገባ ወንጀል ይወጣል ይላል፤ ሌላው ወገን ሀብታም ሲገባ ድሃ ይወጣል ይላል። ሁለቱም ቅደም ተከተሉን የሳቱ ይመስለኛል። በዲሲ የሆነውን ተከታትሎ ላየ ሰው መጀመሪያ የወረደው ወንጀሉ ነው፤ ገንዘቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንጀሉ እንዲወርድ ያደረጉት ሰዎች ደግሞ የመጣውን ገንዘብ መክፈል ያልቻሉት ናቸው። ከነሱም መካከል ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ የኛ ሰው ይገኝበታል።

ወደ ኋላ ትንሽ እንሂድ። ዩ ስትሪት ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጥቁሮች ብሮድዌይ ይባል ነበር። ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚያ ነው፤ ሊንከን ቴአትር በ1922 የተከፈተው እዚያ ነው፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከአናቱ ላይ ነው። ሐኪሙና ተሸካሚው፣ ጠበቃውና ልብስ አጣቢዋ በአንድ መንገድ የኖሩት ግን ተዋደው ብቻ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ መግዛት አይችሉም ነበርና ነው። የብዙ ቤቶች ውል ላይ ለጥቁር አይሸጥም የሚል ግዴታ ተጽፎ ነበር። ከሾው ብዙም በማይርቀው ብራያንት ስትሪት ላይ የተነሣ ሙግት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ግዴታ እንዳያስፈጽሙ ተወሰነ። ፍርዱ ትልቅ ድል ነበር። በሩ ሲከፈት ግን መጀመሪያ የወጣው አቅም ያለው ነው፤ ሐኪሙ ሄደ፣ ተሸካሚው ቀረ። የዲሲ መሐል ሰፈሮች በሀብት መለያየት የጀመሩት ነጭ ተመልሶ ሳይመጣ፣ ገና ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎች ያውቁታል። ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ሲገደሉ ቁጣው የተነሣው ከ14ኛው ጎዳናና ከዩ ስትሪት መገናኛ ነው። 13 ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 900 የሚጠጉ ንግድ ቤቶች ተጎዱ። ብዙው የተቃጠለ ቦታ ለዓመታት ሳይሠራ ባዶውን ቆየ። ሄሮይን ገባ፣ ቀጥሎ ክራክ ገባ። በ1980ዎቹ የሜትሮ ባቡር ሊቀበር ዩ ስትሪት ሲቆፈር ተርፈው የነበሩት ሱቆችም ደንበኛ አጡ፤ በ1958 የተከፈተው ቤንስ ቺሊ ቦውል ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። ባቡሩ ዩ ስትሪት የደረሰው በሜይ 1991 ነው። በዚያው ዓመት በከተማዋ ወደ 480 ሰው ተገደለ፤ ጋዜጠኞች ዲሲን የአሜሪካ የግድያ መዲና ብለው የጠሩበት ዘመን ነው።

ኢትዮጵያዊው የገባው በዚህ መሐል ነው። ከ1974 አብዮት በኋላ ለትምህርት መጥቶ መመለስ ያቃተው፣ ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ ደግሞ በሱዳን በኩል የመጣው ተሰባሰበ። ማማ ደስታ የተባለው የከተማዋ የመጀመሪያ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት በ1978 በጆርጂያ አቬኑ ተከፈተ። በ1980ዎቹ 18ኛው ጎዳና፣ አዳምስ ሞርገን፣ የሐበሻ መናኸሪያ ሆነ። እዚያ ኪራይ ሲንር በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰው ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው ጎዳና ወረደ። ለምን እዚያ? ርካሽ ስለነበረ። ለምን ርካሽ ሆነ? ሰው ስለሚፈራው። ይህን ልባችን እያወቀ አንናገረውም፤ ለጀማሪ ስደተኛ ወንጀል የኪራይ ቅናሽ ነው። ቀን ፓርኪንግ ሠርቶ፣ ማታ ታክሲ ነድቶ፣ ዕቁብ ጥሎ ባጠራቀመው ገንዘብ ሌላ ቦታ ምግብ ቤት መክፈት የማይችል ሰው ሌላው የሸሸውን ማዕዘን ያገኛል። ልዩነቱን በአደጋ ይከፍለዋል። መስኮቱ ይሰበራል፣ የገንዘብ ሳጥኑ ይዘረፋል፣ መሽቶ ሲዘጋ ቁልፉን በጣቱ መሐል ይዞ ወደ መኪናው ይሄዳል።

ታክሲ ነጂዎቹ ራሳቸው የ9ኛው ጎዳና ሕይወት ነበሩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሽሮና ማኪያቶ የሚፈልግ ደንበኛ ያለው ሰፈር ማለት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ዓይን ያለው ሰፈር ማለት ነው። መኪናው በሁለት ረድፍ ቆሞ፣ ነጂው በር ላይ ሲጋራ እያጨሰ ስለ ፓርላማና ስለ እግር ኳስ ሲከራከር ማንም ሳያቅድ ጥበቃ ቆመ ማለት ነው።

የወንጀሉ መውረድ ምክንያት አንድ አይደለም። የክራክ ገበያው በራሱ ጊዜ ደከመ፤ ፖሊስም እስር ቤትም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው፣ እስሩ የራሱን ቁስል ቢተውም። ነገር ግን የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ፓትሪክ ሻርኪ በ264 የአሜሪካ ከተሞች ላይ ሁለት አሥርት ዓመታትን የሚሸፍን ጥናት አድርገው በ2018 ባወጡት መጽሐፍ ያካተቱት ግኝት ቸል የሚባል አይደለም። ለ100,000 ነዋሪ 10 ተጨማሪ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ሲኖሩ ግድያ በ9 ከመቶ ይቀንሳል። ከትምህርት በኋላ ልጆች የሚያስጠኑ፣ ባዶ ቦታ አጽድተው አትክልት የሚተክሉ፣ ከእስር የወጣውን ሥራ የሚያስይዙ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ከነሱ ላይ የቤተ ክርስቲያን እናቶችንና ሌሊት የማይዘጉትን ሱቆች ብጨምር ምሁሩ የሚቀየሙኝ አይመስለኝም። ኢንግሪድ ጉልድ ኤለን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በሠሩት ሌላ ጥናት ደግሞ በመሐል ከተማ ወንጀል ሲወርድ ገቢው ከፍ ያለና ዲግሪ ያለው ቤተሰብ ወደዚያ የመግባት ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ያነበበ ሰው ለደኅንነቱ የለፋው አንድ ወገን፣ ዋጋውን አይቶ የገዛው ሌላ ወገን መሆኑን ይረዳል።

ከተማውም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከንቲባ አንተኒ ዊሊያምስ በ2003 በአሥር ዓመት ውስጥ 100,000 አዲስ ነዋሪ እናምጣ ብለው ዕቅድ አወጡ፤ በዚያው ዓመት ግዙፉ የስብሰባ ማዕከል ከሾው ደቡብ ጫፍ ተከፈተ። ዕቅዱ በከተማ ሒሳብ ትክክል ነበር፤ በ1950 ከ800,000 በላይ የነበረው ሕዝብ በ2000 ወደ 572,000 ወርዶ ነበርና ግብር ከፋይ ያስፈልጋል። አዲስ ሰው መጣ። በ1970 ከመቶ 71 የነበረው የጥቁር ነዋሪ ድርሻ በ2011 ከግማሽ በታች ወረደ። የማኅበረሰብ መዋዕለ ንዋይ ብሔራዊ ጥምረት በ2019 ባወጣው ጥናት ከ2000 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በዲሲ ወደ 20,000 የሚጠጉ ጥቁር ነዋሪዎች ከሰፈራቸው እንደተፈናቀሉ ገምቷል።

ይህ በአንድ ሱቅ ላይ እንዴት እንደሚደርስ በቅርብ እንየው። እንበል አንድ ሰው በ2002 9ኛው ጎዳና ላይ የአሮጌ ጡብ ቤት ምድር ቤት ለአሥር ዓመት ተከራየ። ውሉ ላይ ያለው ወርኃዊ ኪራይ ብቻ አይደለም፤ የንብረት ግብሩን፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን ተከራዩ ይሸፍናል የሚል አንቀጽ አለ፤ በከተማው የንግድ ኪራይ የተለመደ ነው። ሰውዬው ወጥ ቤቱን ከባዶ ሠራ። የጭስ መሳቢያው እስከ ጣሪያ ወጣ፣ የቅባት ማጥመጃው ወለል ተሰብሮ ተቀበረ፣ የእሳት መከላከያው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ሁሉም በሱ ዕቁብ። አምስት ዓመት ሳይሞላ አጠገቡ ያለው ባዶ ቤት በሚሊዮን ተሸጠ። የከተማው ገማች መጥቶ የሰፈሩን ሕንፃዎች ሁሉ አዲስ ዋጋ ሰጣቸው። ግብሩ ሲያድግ ሂሳቡ በቀጥታ ወደ ተከራዩ ይላካል። የራሱ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ግብር የሚጣልበት ግምት በዓመት ከ10 ከመቶ በላይ እንዳያድግ ሕግ ይከላከልለታል፤ ባለሱቁ ግን ይህ ከለላ የለውም፣ የንግድ ቤት የግብር ምጣኔም ከመኖሪያ ቤት እጥፍ ገደማ ነው። ሰፈሩን ባሞቀው ቁጥር ወጪው ያድጋል። አሥር ዓመቱ ሲሞላ ባለሕንፃው አዲስ ኪራይ ይዞ ይመጣል፤ ጭስ መሳቢያውና ቅባት ማጥመጃው የማን ነው ቢባል ግድግዳና ወለል ውስጥ የገባ ስለሆነ የባለሕንፃው ነው። ለሚቀጥለው ተከራይ ዝግጁ ወጥ ቤት ተብሎ ይተዋወቃል።

የመጠጥ ፈቃዱን ማሳደስ ሌላ ፈተና ነው። የሰፈር ምክር ኮሚሽን፣ ወይም ተፈራርመው የቀረቡ ጥቂት ነዋሪዎች፣ ፈቃዱን መቃወም ይችላሉ። ጠበቃ ያለው ጎረቤት ሙዚቃው በዚህ ሰዓት ይጥፋ፣ በረንዳው በዚህ ሰዓት ይዘጋ የሚል ስምምነት ያስፈርማል። ስብሰባው በማታ ነው፤ ባለ ምግብ ቤት ደግሞ ሥራው በማታ ነው።

ግን የኛን ሰው የተበደለ ብቻ አድርጎ መጻፍ ቅንነት ይጎድለዋል። በ2005 ነጋዴዎች 9ኛው ጎዳና በይፋ ትንሿ ኢትዮጵያ እንዲባል ሲጠይቁ የሾው ጥቁር አሜሪካውያን ተቆጡ። ሎስ አንጀለስ በ2002 ለፌርፋክስ ጎዳና ስሙን ሰጥታለችና እዚህስ ለምን አይሆንም የሚለው ጥያቄ ለኛ ቀላል መስሎን ነበር። ለነሱ ግን አያቶቻቸው ሌላ ቦታ ተከልክለው የሠሩት፣ ልጆቻቸው የተገደሉበት መንገድ ነው፤ ትናንት የመጣ ሰው ስሙን ሊጽፍበት ነው። ስሙ በይፋ አልጸደቀም። ሐበሻ ወገኔ ካላቸው ሰዎች ጋር ምን ያህል እንደተቀራረበ ያን ጊዜ ታየ፤ ብዙም አልነበረም። በገቢ ሲመዘን ባለሱቃችን ከአፓርታማው ነዋሪ ይልቅ ለአሮጌው ጎረቤቱ ይቀርባል፤ በአነጋገሩ ግን ከሱ ራሱን ለይቶ ያስቀምጣል፣ አንዳንዴም ደስ በማይል ቃል።

ይህን መሐል ላይ የመቆም ነገር ዲናው መንግሥቱ በ2007 ባወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ ከማንም በላይ አይቶታል። ሰፋ እስጢፋኖስ የሚባለው ዋና ገጸ ባሕሪ ሎጋን ሰርክል ላይ ነገር የማይቀናው ትንሽ ግሮሰሪ አለው። አጠገቡ ያለውን የፈራረሰ ቤት ጁዲት የምትባል ነጭ ምሁር ገዝታ ታሳድሳለች፤ አንዳንድ ጎረቤቶች ከቤታቸው መውጣት ሲጀምሩ ጡብ መወርወር ይጀመራል፣ በመጨረሻም ቤቷ ይቃጠላል። ሰፋ የማን ወገን ነው? ከተባረሩትም አይደለም፣ ከገቡትም አይደለም፤ ኪራይ ግን አለበት። ደራሲው ለወንጀሉ ሰበብ አይደረድርለትም፣ ጎረቤቱንም ጭራቅ አያደርገውም።

ወንጀል ራሱስ ጠፋ ወይ? በ2012 በዲሲ የተገደለው 88 ሰው ነበር፤ ለአሥርት ዓመታት ያልታየ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። በ2023 ግን 274 ደረሰ፤ መኪና ነጠቃውም ወደ 960 ተጠጋ። በ2024 ግድያው ወደ 187 ወረደ። የግድያው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚደርሰው በ7ኛውና በ8ኛው ዋርድ ነው፤ አብዛኛው ክፍላቸው ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ነው፤ ከመሐሉ ሰፈሮች የተገፋው ብዙ ሰው ኪራይ ይቀንሳል ብሎ የሄደውም ወደዚያው ነው። መኪና ነጠቃው ግን ወንዝ አያግደውም። ከተማው ወንጀልን አጀንዳ አድርጎ በአንድ ድምፅ ማውራት የጀመረው ይኸው ወደ ዩ ስትሪትና ወደ ኔቪ ያርድ አዳዲስ ሕንፃዎች ሲደርስ ነው። ማዶ ያሉት እናቶች ለዓመታት ሲጮኹ የሰማቸው ጥቂት ነበር። በዚህ የምፈርደው አዲሱ ነዋሪ ላይ አይደለም፤ ሽጉጥ የተደቀነበት ሰው ደመወዙ ምንም ይሁን ምን ያው ፈሪ ሥጋ ነው።

ኦገስት 11 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የዲሲን ፖሊስ በፌዴራል እዝ ሥር አድርገው ብሔራዊ ዘብ አሰማሩ። ግድያ ከ2023 ጀምሮ እየወረደ ሳለ ነው። በሳምንታት ውስጥ የስደተኛ ቁጥጥሩ ከወንጀል ዘመቻው ጋር ተቀላቀለ፤ በሞተር ምግብ የሚያደርሱ ልጆች መንገድ ላይ ይያዙ ጀመር። ወንጀሉን ከሰፈሩ ሰው ጋር ተጋፍጠው ያሳለፉት ስደተኞች አሁን በወንጀል ስም ከሚፈለጉት ጋር ተደመሩ፤ ሌሊቱን በሽሮና በማኪያቶ የሞላው ዓይነት ሰው መታወቂያውን እየነካካ የሚሄድ ሆነ።

አዲስ አበባ ያለ አንባቢ እዚህ ላይ ስለ ፒያሳና ስለ ካዛንቺስ ማሰቡ አይቀርም። ተመሳሳይነቱን ማጋነን ግን አልፈልግም። ዲሲ ላይ ሰውን የሚያስወጣው ገበያ ነው፤ እኛ ጋ ከ1975ቱ አዋጅ ቁጥር 47 (1967 ዓ.ም.) ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፣ አስነሺውም መንግሥት ነው። የድሮው የአዲስ አበባ ሰፈር ሌላው ልዩነት ቪላውና የቀበሌ ቤቱ ግድግዳ መጋራታቸው ነው፤ ማንም ሳያስተምረን ደሃና ሀብታም አንድ ዕድር ነበረን። በልማት ሲነሣ ሰውየው ቤት ይሰጠው ይሆናል፤ ዕድሩ፣ የጉልት ቦታው፣ የዱቤ ሱቁና ሌባ የሚያውቀው የሰፈሩ ዘበኛ ግን በካሳ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። ሻርኪ የቆጠሯቸው ዓይነት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ከተማ ዳር ባለ አዲስ ኮንዶሚኒየም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስርቆት ሲበዛ ብዙዎች ፖሊስ አነሰ ይላሉ፤ እኔ የሚተዋወቅ ሰው አነሰ እላለሁ።

በዲሲ መፍትሔ የሚባል ነገር ካለ ከ1980 ጀምሮ ያለው የተከራዮች ቅድሚያ የመግዛት መብት ነው። ሕንፃው ሊሸጥ ሲል ተከራዮች ተደራጅተው መጀመሪያ እንዲገዙ ወይም የሚገዛላቸውን እንዲመርጡ ዕድል ይሰጣል፤ በዚህ ሕግ ብዙ ቤተሰብ እዚያው ቀርቷል። የሚመለከተው ግን የመኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን አይደለም። ስለዚህ በ9ኛው ጎዳና ዛሬ ያለው የሐበሻ ቤት ከድሮው ያነሰ ነው፤ ከቀሩት መካከል ረጋ ብለው የሚሠሩት ሕንፃው ርካሽ ሳለ የገዙት ናቸው፣ ወይም ረጅም ውል ያሰሩት። ሌላው ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂንያ ወጥቷል። እንጀራውም፣ ሂሳብ ሠራተኛውም፣ ቪዲዮ ቤት የነበረው ገንዘብ መላኪያም ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ደግሞ የፐርፕል ላይን ባቡር ሐዲድ እየተዘረጋ ነው፤ ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ። ከጣቢያዎቹ ሁለቱ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተሰበሰቡበት መሐል በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 የቤት ኪራይ ጭማሪ ጣሪያ አወጣ፤ ያም የመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። የ9ኛው ጎዳና ነጋዴ በ1991 ባቡር ሲደርስ ገና አልመጣም ነበር፤ የሲልቨር ስፕሪንጉ ግን ከባቡሩ ቀድሞ ተቀምጧል። ውሉ ባቡሩ ሳይጀምር የሚያልቅበት ሰው ዛሬ ሊደራደርበት የሚገባው ነገር ወርኃዊው ኪራይ ብቻ አይደለም፤ የግብር ጭማሪውን ማን ይሸከማል የሚለው አንቀጽ፣ ውሉን የማራዘም መብቱና ሕንፃው ሲሸጥ መጀመሪያ ለኔ ይቅረብልኝ የሚለው ቃል ነው። ባለሕንፃው ይህን ሦስቱን ዛሬ ሊሰጥ ይችላል፤ መንገዱ በቁፋሮ ተዘግቶ፣ ደንበኛ ቀንሶ፣ ተከራይ የሚፈልገው እሱ ነውና።